ክፍል ሲደመር ስድስት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጋምቤላ አንድ ስብሰባ ላይ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ግን ከድሮዎቹ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከተማው ውስጥ የቀረነው ጥቂቶች ስለሆንን፣ ወጣቶቹ አንዳንዴ «እትዬ ዘነበች ይምጡና ይመርቁልን» እያሉ ይጠሩኛል። እኔም እሄዳለሁ። ቤት ተቀምጬ ከራዲዮ ጋር ከመነታረክ ይሻላል። የስብሰባው ርዕስ በትልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ስንት ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ለዚያስ ስንት ብር ያስፈልጋል የሚል ነው። እኔ ወጣትነቴን የጨረስኩበት ሥራ! አንድ ቀጭን ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ግድግዳው ላይ መስመር አሳየን። ያለፉት ዓመታት በድፍን መስመር፣ የሚመጡት በነጠብጣብ። ልጁ ምን ያውቃል፤ እኔ ያንን መስመር በእርሳስና በማስመሪያ ስስል እንዴት እፈራ እንደነበር ማን ይነግረዋል።

በሻይ ሰዓት አንዲት ልጅ ወተት በፔርሙስ ይዛ ዞረች። ከጎኔ የተቀመጠው ሽበታም ረጅም ሰውዬ ተራው ሲደርስ መዳፉን ብርጭቆው ላይ ከደነ። «ትንሽ እንኳ?» አለችው። «አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» አላት። የኑዌር ሰው ወተት አልጠጣም ሲል ሰምቼ አላውቅምና ዘወር ብዬ አየሁት። ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመሩት የወንድነት ጠባሳዎች ከዕድሜ መጨማደድ ጋር ተደባልቀዋል። እሱም አየኝ። ቆይቶ፣ «እትዬ ዘነበች አይደሉም? ከእናቴ ከንያዳክ ወተት ይገዙ የነበሩት?» አለኝ። የንያዳክ ልጅ ቾል ነው። ስንት ዘመን አልፎ፣ ስንት መንግሥት ተለውጦ፣ ፍርሃቱ ግን ትናንት እንደተውኩት እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ድሮም ፈሪ ነበርኩ። ከጎሬ ተመድቤ በጭነት መኪና ቁልቁል ስወርድ፣ ሙቀቱ ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ሲጠመጠምብኝ፣ ሾፌሩን «መልሰኝ» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጋምቤላን ግን ሳላስበው ወደድኳት። የማንጎው ዛፍ ጥላ እንደዛሬው በቆርቆሮ አልታጠረም፤ በፈለግሽው ሥር ትቀመጫለሽ፣ የወደቀውን አንስተሽ ትበያለሽ፣ ማንም «የማን ነው» አይልሽም። አንድ ጠርሙስ ወተት በስሙኒ ነው። ከባሮ የወጣ፣ ገና ጭራውን የሚያወዛውዝ ዓሣ በብር ከገዛሽ ለጎረቤትም ይተርፋል። ወንዶቹ አስተማሪዎች ቴትሮን ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ አቧራውን ይጠርጋል፣ አፍሯቸውን በሹካ ማበጠሪያ አጎፍረው ማታ ማታ ድልድዩ ላይ ይንሸራሸራሉ። እኔም ብትሉ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ያለች አረንጓዴ ጉርድ ነበረችኝ፤ ያቺን ለብሼ ስሄድ ወገቤ በእጅ ይያዝ ነበር። አሁን ማን ያምነኛል! ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ማርሽ ይለቀቃል፤ ማርሹ ጋብ ሲል ደግሞ ከወንዙ ውሃ ቀድተው የሚመለሱት ልጃገረዶች ዜማ ይሰማል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ቃሉ ባይገባኝም ልቤን ያረካልኝ ነበር።

ቢሮአችን የማባዣ ቀለም ይሸታል። ዛሬም ያ ሽታ ካለበት ብገባ ዓይኔን ጨፍኜ የእያንዳንዱን ጠረጴዛ ቦታ እነግራችኋለሁ። የፕላን ክፍል የሚባለው እኔና አቶ ተሰማ ነበርን። በአደባባይ «ጓድ ተሰማ» ነው የምለው፤ በሩ ሲዘጋ «አቶ ተሰማ» እለዋለሁ፣ እሱም ደስ ይለዋል። ኮሳሳ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ወባ በየክረምቱ የምትጎበኘው ሰው ነበር። ትንበያ የሚባለውን ነገር ያስተማረኝ እሱ ነው። «ዘነበች፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገቡትን ያዢ። ከነሱ ስንቱ ይደግማል፣ ስንቱ ያቋርጣል፣ ስንቱ ያልፋል በይ። ያለፉትን ወደ ሁለተኛ ክፍል አሻግሪያቸው። እንዲህ እያልሽ በየዓመቱ ይዘሻቸው ሂጂ። ከዚያ በየልጁ ጠመኔውን፣ መጽሐፉን፣ ወንበሩን፣ የአስተማሪውን ደመወዝ ድርሻ አባዢ፤ በጀት ማለት ይኼው ነው» ይለኝ ነበር። እጀታዋን የምናዞራት የሒሳብ መኪና ስታጓራ ውላ ስታድር፣ ገና ያልተወለዱ ልጆች ወንበር ላይ ሲቀመጡ ይታየኝ ጀመር። እውነቴን ነው፣ ሥራው ያጓጓኝ ነበር። ነጠብጣቡ መስመር ላይ ያለው ልጅ ሁሉ ንፁህ ነው፤ አልታመመም፣ አልተራበም፣ ማንም አልጠራውም።

ንያዳክ ወተት የምታመጣልኝ የኑዌር ሴት ናት። አንዷን ላሟን ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ካለው ማንጎ ሥር አስራ፣ አልባ፣ በቅል ሞልታ ለአስተማሪዎቹና ለኛ ታከፋፍላለች። አማርኛዋ እንደ ልቧ አይሄድላትም፣ እሷ ግን ደንታም የላት። «አንቺ እህቴ ቀጭን፤ ጠጣ!» ትለኛለች። ልጇ ቾል አምስተኛ ክፍል ነበር። አንድ በጋ እሱና ጓደኛው ጋትሉዋክ ከትምህርት ቤት ጠፍተው ሲመለሱ ግንባራቸው ተሰምሮ፣ ፊታቸው አብጦ መጡ። በነሱ ወግ ያ ስለት ያለፈበት ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ ሰው ነው። በአንድ ቀን የተሰመሩ ደግሞ እስከ ሞት ወንድማማች ናቸው። እኔ ሳየው ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ንያዳክ ግን ከኩራቷ ብዛት መሬት የምትረግጥ አትመስልም። «ከእንግዲህ ቾል ላም አያልብም፤ ማለብ የሴት፣ የልጅ ሥራ ነው። ልጄ ሰው ሆነ!» አለችኝ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቱት ነው የተረጎመልኝ። ሰው የሆነው ልጅ ገና ጢም እንኳ አላበቀለም። ጋትሉዋክም ቁመቱ ብቻ ነው የተመዘዘው፣ እድሜው እኩያው ነበር።

ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዓመቱን ትንበያ ልንጀምር ስንል ከበላይ የመጣው ሠንጠረዥ ላይ ከዚህ በፊት አይተነው የማናውቀው ዓምድ ተጨምሯል፤ አሥራ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንድ ተማሪዎች፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየዓመቱ። አቶ ተሰማ ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መስኮቱን ዘጋ። በዚያ ሙቀት! «ይኼ የትምህርት ጥያቄ አይደለም» አለኝ በሹክሹክታ። እኔም ገብቶኛል። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ በየቀበሌው ይጠየቅ ነበር፤ ሰሜን የሄዱት ልጆች ደብዳቤ አይጽፉም ነበር። ከዚያ ወዲያ አስተማሪዎቹ ተማሪ ለመመዝገብ በወጡ ቁጥር ትልልቆቹ ወንዶች ይጠፋሉ። የአኙዋኮቹ ወደ ጎግ፣ ዘመድ ጋ። የኑዌሮቹ ወደ ማታር፣ ከማታርም ወዲያ ድንበር ተሻግረው ማዶ። እኛ በቆጠርን ቁጥር የምንቆጥረው ሰው ያንሳል። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። የፖለቲካ ኃላፊውን ላንድሮቨር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የሒሳብ መኪናዋን እጀታ ማዞር አቆማለሁ። ቢሯችን ውስጥ ተጠርቶ ሄዶ ያልተመለሰ የአንድ የሒሳብ ሹም ወንበር ነበር፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አያነሳውም። አቶ ተሰማ ወደዚያ ወንበር እያየ፣ «ባዶ ብንልክላቸው ሥራ አበላሹ ይሉናል። ቁጥር ብንጽፍላቸው ደግሞ፣ በሉ የጻፋችኋቸውን አምጡ ይሉናል» አለኝ።

መውጫ ያገኘው ራሱ አቶ ተሰማ ነው። አሮጌውን የሥራ መመሪያ አገላብጦ አንድ አንቀጽ አሳየኝ፤ የልደት ቀኑ የማይታወቅ ተማሪ ዕድሜው በክፍሉ ይገመታል፣ አንደኛ ክፍል ሰባት ዓመት ተብሎ፣ ማለትም ክፍል ሲደመር ስድስት ይላል። እንግዲህ እዚህ አገር የልደት ቀኑን በወረቀት የያዘ ማን አለ? እናቶቹ የሚነግሩን «ባሮ ሞልቶ ከብት የወሰደ ጊዜ» ነው። አምስተኛ ክፍል ሲደመር ስድስት፣ አሥራ አንድ። የኛ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ክፍል ስምንተኛም ቢሆን አሥራ አራት። እጀታዋን አዞርኳት፣ አዞርኳት፣ የዓምዱ ድምር ከላይ እስከ ታች ዜሮ ሆኖ ወጣ። ጠቅላላው የተማሪ ቁጥር ግን እንደታዘዘው እያደገ ይሄዳል። «እኛ ምን አደረግን? መመሪያ ነው የተከተልነው» አለ አቶ ተሰማ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሳቁም ቶሎ ጠፋ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ባንዲራ ሊሰቀል ልጆቹ እንደተሰለፉ፣ ላንድሮቨሩ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ገባ። እኔና አቶ ተሰማን ቀድመው አስጠርተውናል። የፖለቲካ ኃላፊው ጓድ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ። ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ሠንጠረዣችንን አየ። «ጓድ ተሰማ፣ በዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት አንድ እንኳ አሥራ ስምንት የሞላው የለም?» አለ። አቶ ተሰማ መመሪያውን ጠቀሰ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ጥሩ። መመሪያው ግን ዓይን የለውም። እኔ አለኝ» አለና በሰልፉ መሀል ሄዶ ቾልንና ጋትሉዋክን በትከሻቸው ይዞ አወጣቸው። «እነዚህ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው? ግንባራቸውን እዩት! ይኼ በነሱ ዘንድ ሰው ሆኗል ማለት አይደለም?» ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከመኪናው ወረዱ። ንያዳክ አጥሩ ጋ ወተቷን ይዛ ቆማ ነበር፤ ቅሏን ስታስቀምጥ አየኋት።

ዘበኛው ቱት ያኔ ነው የተናገረው። ቱትም ኑዌር ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ልጆቹን ሊያድን ብሎ ነው። «ጓድ፣ ጠባሳ ብቻ አይበቃም። ሰው የሆነ ላም አያልብም፣ ቢገድሉትም አያልብም። ካለበ ልጅ ነው» አለ። ለሱ ነገሩ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ዝቅ ብለው አንድ ጊዜ ጡቱን ይስባሉ፣ ከዚያ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። ኃላፊው ነገሩ ጣመው። ሴሚናር ላይ ስለ ብሔረሰቦች ወግ የሰማ ሰው ነው። «እንግዲያው ላሟ ያቻት፤ ይለቡ» አለ። የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ። የማንጎው ቅጠል ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ሠንጠረዡ በእጄ ላብ ረጥቧል። በሆዴ «እለብ፣ በማርያም እለብ» እላለሁ።

ንያዳክ ሌላ ባዶ ቅል በአንገቱ ይዛ ወደ ቾል ሄደች። ያቺ ከኩራቷ መሬት የማትረግጠው ሴት! በቋንቋቸው አንድ ነገር አለችው፤ አጭር ነው፣ አልገባኝም። ቾል ጓደኛውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ተንበረከከ። የወተቱ ድምፅ ቅሉን ሲመታ ያን ያህል ይጮሃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሰልፉ መሀል አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፤ አስተማሪው ገሰጻቸው። ቾል ራሱን ሳያነሳ ወተቱን ለእናቱ ሰጣት። ከዚያ ቅሉ ለጋትሉዋክ ተሰጠ። ጋትሉዋክ ተቀበለ፤ ሊያልብ ነው ብዬ «ተመስገን» አልኩ። ልጁ ግን ቅሉን በጥንቃቄ፣ እንዳይደፋ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ቀጥ ብሎ ቆመ። በአማርኛ፣ እኛው ባስተማርነው አማርኛ፣ «እኔ ሰው ነኝ» አለ። ቱት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አቶ ተሰማ ወደፊት ተራምዶ «ጓድ፣ ልጅ ነው፣ በፈጣሪ፣ ልጅ ነው!» አለ፤ «በፈጣሪ» የሚለውን ቃል በዚያን ዘመን፣ በዚያ ሰው ፊት! ማንም አልሰማውም። ላንድሮቨሩ ጋትሉዋክን ይዞ ሲወጣ ልጁ ወደ ኋላ አልዞረም።

ቾልም በማግስቱ ክፍል አልገባም። ልጆቹ ሲያልፍ የማለብ ድምፅ በአፋቸው ያሰሙበት ነበር አሉ። ሳምንት ሳይሞላ በማታር አድርጎ ማዶ ተሻገረ። ንያዳክ ላሟን ሸጠች። እኔ ወተት መጠጣቱንም ተውኩት፤ ብገዛም አይወርድልኝም ነበር። አቶ ተሰማ የሚቀጥለውን ዓመት ትንበያ ሲሠራ አንድ ነገር አደረገ። አቋርጠው የሚመለሱ የሚባል መስመር አለ፤ እዚህ አገር ሁልጊዜ ባዶ ነው የምንተወው። እዚያ ላይ ለዚያ ትምህርት ቤት ሁለት ብሎ ጻፈ፤ በጀቱም ላይ ሁለት ወንበር ጨመረ። «አቶ ተሰማ፣ ይጠይቁናል እኮ» አልኩት። «ይጠይቁ። ይመለሳሉ ብዬ ገምቻለሁ፤ ግምት ወንጀል ነው?» አለኝ። ወንበሮቹ መጡ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ቆሙ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ሲሄድ ማስመሪያውን ሰጠኝ፣ አሁንም ቤቴ አለ።

ይኼን ሁሉ ሻዩ ሲቀዘቅዝ አሰብኩት። ቾል ማዶ ተምሮ፣ አስተማሪ ሆኖ፣ ጦርነት ሲመጣ ተመልሶ፣ አሁን ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር መሆኑን ነገረኝ። እናቱ ተከትላው ሄዳ ማዶ ነው ያረፈችው። ልጠይቀው ፈራሁ፤ ፈራሁና ጠየቅኩት። «ያን ቀን ምን አለችህ?» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ዛሬ ብቻ ልጄ ሁን፣ ነው ያለችኝ» አለ። «ነገ ሰው ትሆናለህ፣ ዛሬ ብቻ።» «ወተቱንስ ለዚያ ነው የተውከው? ሀፍረቱ ነው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ሀፍረቱማ ድሮ ለቀቀኝ። ከጋትሉዋክ ጋር ነው የምጠጣው። ስንሰመር የመጀመሪያውን ወተት ከአንድ ቅል ነው የጠጣነው፤ እሱ ሲመጣ እጠጣለሁ ብዬ ነው።» «ቾል፣ ልጄ፣ እስካሁን?» አልኩት። ፈገግ አለ። «እትዬ፣ እናንተ ገና ላልተወለደ ልጅ ወንበር ታዙ አልነበር?»

ስለ ሁለቱ ወንበሮች ነገርኩት። አያውቅም ነበር። «ለሁለታችንም?» አለኝ። «ለሁለታችሁም» አልኩት።

ከእረፍት ስንመለስ ያ ቀጭን ልጅ ሠንጠረዡን ግድግዳው ላይ አወጣው። ገቢ፣ ደጋሚ፣ አቋራጭ እያለ በፍጥነት አለፈና አንዱን መስመር ዘለለው። ቾል እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ ያቋረጡ የሚመለሱበት ጋ ዜሮ ነው የሚለው።» ልጁ በትህትና፣ «አዎ፣ ቁጥራቸው በጣም ትንሽ ስለሆነ ዜሮ ብለን ነው የወሰድነው፤ በጀቱን አይለውጠውም» አለ። ቾል ከወንበሩ ተነሳ። የግንባሩ መስመሮች በፕሮጀክተሩ ብርሃን ደምቀው ታዩ።

«አንድ ጻፍ» አለው።

ልጁ ግራ ገብቶት ወደኔ አየ። ያ አንድ ጋትሉዋክ መሆኑን ከኔ በቀር ያወቀ የለም። «ጻፍ፣ ልጄ» አልኩት። ጻፈ።